የወደቀው ፈረሰኛ ሳንቲም የማን ነው?

የነሐስ_ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰብ። እዚህ ከተማ የሳንቲም ትርኢት ነበር፤ ከአንድ ነጋዴ ጥቂት የሮም የነሐስ ሳንቲሞች ገዛሁ። አብዛኞቹ ተነብበው የንጉሡ ስም በወረቀት ተጽፎላቸዋል። አንዱ ግን ምንም አልተጻፈለትም። ራሴ ላነብበው ፈልጌ ነው የገዛሁት።

ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ 2.4 ግራም። በፊቱ በኩል ጢም የሌለው ሰው ወደ ቀኝ ያያል። ጽሑፉ በ«ዲ ኤን» ይጀምራል፣ ከዚያ «ኮንስታን» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አፈር ሸፍኖታል። በጀርባው ጋሻ የያዘ ወታደር ከፈረስ ላይ የሚወድቅ ሰው በጦር ይወጋል። ከምስሉ ሥር መስመር አለ። ከመስመሩ በታች መጀመሪያ «ኤ» ትታየኛለች። ቀጥላ ያለችው «ኤል» ትሁን «ኤን» አልለየሁም።

ንጉሡ ማነው? የትስ ተመታ? ደግሞ አንድ ሰው «አቼቶ ውስጥ አሳድረው፣ ጠዋት ሁሉም ፍንትው ብሎ ይታይሃል» ብሎኛል። ልሞክረው?

ጋሽ_መሐለቅ (ሜሪላንድ)

አቼቶ እንዳታስነካው። ሎሚም ኮካም እንደዚያው። ከ1,600 ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ሲቆይ የነሐሱ ላይኛ ክፍል ወደ አረንጓዴና ቡናማ ሽፋን ተለውጧል። ፊቱም፣ ፊደሉም፣ የጦሩ ጫፍም ያለው እዚያ ሽፋን ላይ ነው። አሲድ ሽፋኑን ሲበላ ፊደሉንም አብሮ ይበላዋል። ጠዋት የምታገኘው ሮዝ መልክ ያለው የተቦረቦረ ብረት ነው። ስለ ማጽዳቱ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ጀርባውን እንያዝ። ይህ ምስል ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲሞች ሁሉ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው። ዙሪያውን «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ» የሚል መኖር አለበት። ደጉ ዘመን ተመለሰ እንደማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የወጣው በ348 ግድም ነው፤ ሮም 1,100 ዓመት የሞላችበት ጊዜ። መጀመሪያ ሲወጣ ሳንቲሙ ደህና ትልቅ ነበር፣ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ። በጥቂት ዓመት ውስጥ እየጠበበና እየቀለለ ሄደ። ያንተ በልኩም በክብደቱም ከትንሾቹ ወገን ነው። ስለዚህ ከ350ዎቹ ነው ማለት እንችላለን።

አንድ ነገር እይልኝ። የንጉሡ ራስ ባዶ ነው ወይስ የታሰረበት ነገር አለ? ከማጅራቱ ኋላ የሚንጠለጠሉ ሁለት የጥብጣብ ጫፎች ፈልግ። ስሙን የሚወስንልን እሱ ነው።

ብርቱካን_ለንደን

ጋሼ ለምን ይህን እንደጠየቁ ልጨምርበት። እኔም የምሰበስበው ይህንኑ ዘመን ነው።

ታላቁ ቆስጠንጢኖስ በ337 ሲሞት ሦስት ልጆቹ ግዛቱን ተካፈሉት። ዳግማዊ ቆስጠንጢኖስ፣ ዳግማዊ ቆንስታንትዮስ እና ቆንስታንስ። የሦስቱም ስም ሳንቲም ላይ «ኮንስታን» ብሎ ነው የሚጀምረው። የሚለያዩት መጨረሻው ላይ ነው። «ቲኑስ» ካለ ቆስጠንጢኖስ ነው። «ቲዩስ» ካለ ቆንስታንትዮስ። ወዲያው በ«ኤስ» ካለቀ ቆንስታንስ። ካንተ ሳንቲም ላይ የተሸፈነው ደግሞ ይኸው መጨረሻው ነው።

ግን ፊቱ ዝም ሲል ጀርባው ይናገራል። ዳግማዊ ቆስጠንጢኖስ የወንድሙን ግዛት ሊወስድ ሄዶ በ340 ተገደለ። ይህ ጀርባ የወጣው በ348 ነው። እሱ ወጣ። ቆንስታንስ በ350 ተገደለ፣ ትንሹ ዓይነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ወጣ። እንግዲህ ቆንስታንትዮስ ነዋ ትላለህ። አትቸኩል፣ ቆንስታንትዮስ ሁለት ነው!

በ351 ዳግማዊ ቆንስታንትዮስ የአጎቱን ልጅ ጋሉስን ቄሳር አድርጎ ሾመው። ቄሳር ማለት በዚያ ዘመን ከዋናው ንጉሥ ሥር ያለ ምክትል ነው። ጋሉስ ሲሾም ቆንስታንትዮስ የሚለውን ስም ያዘ፣ ሳንቲሙ ላይም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። መቀመጫው አንጾኪያ ነበር። በ354 የሾመው ንጉሥ ራሱ አስገደለው። በእነዚያ ዓመታት ሁለቱም ቆንስታንትዮሶች ያንኑ የሚወድቅ ፈረሰኛ ያሳትሙ ነበር። በዓይን የሚለያቸው አንድ ነገር ነው። ዋናው ንጉሥ ዲያዴም የሚባል የዕንቁ ጥብጣብ ያስራል። ቄሳሩ ራሱ ባዶ ነው፣ ፀጉሩ ብቻ ነው የሚታየው።

የነሐስ_ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

ጥብጣብ አለው! የስልኬን መብራት ከላይ ሳበራበት ምንም አይለይም ነበር። ዝቅ አድርጌ ከጎን ሳበራ ጥላው ወጣ። ግንባሩ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ነጠብጣቦች አሉ። ከማጅራቱ ኋላም ሁለት ጫፍ ተንጠልጥሏል። ከ«ኮንስታን» በኋላ ትንሽ ክፍተት አለ፣ ቀጥሎ የ«ቲ» አናት ትታየኛለች።

ከመስመሩ በታች ያለውንም ደግሜ አየሁት። ከ«ኤ» ቀጥሎ ያለችው ቀጥ ብላ ቆማ ከሥሯ ወደ ቀኝ አጭር እግር አላት። ከዚያ «ኢ» አለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ የተገለበጠች «ኤል» የምትመስል ፊደል። እሷን አላወቅኋትም።

ጋሽ_መሐለቅ (ሜሪላንድ)

በቃ ተነበበ። ዳግማዊ ቆንስታንትዮስ ነው፣ የተመታው እስክንድርያ ነው።

«ኤ ኤል ኢ» የእስክንድርያ ምልክት ነው። የመጨረሻዋ ጋማ የምትባለው የግሪክ ፊደል ናት። ሳንቲሙ በተመታበት ማተሚያ ቤት ውስጥ ሦስተኛው ክፍል ሠራው ማለት ነው። ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩ ነበር፣ የኛ ፫ም የመጣችው ከዚህችው ጋማ ነው። የምሥራቅ ማተሚያዎች ክፍላቸውን እንዲህ በግሪክ ይጽፋሉ። የምዕራቦቹ በላቲን ነው፤ «ፒ» አንደኛ፣ «ኤስ» ሁለተኛ፣ «ቲ» ሦስተኛ፣ «ኪው» አራተኛ። እንዲህ ዓይነት ምልክት የሚጻፈው ሠራተኛው ሳንቲሙን አቅልሎ ቢያወጣ ተጠያቂው ክፍል እንዲታወቅ ነው። ዛሬ ለኛ መንገድ መሪ ሆነልን።

ሌሎቹም ላይ ከመስመሩ በታች ያለውን ቀድመህ እይ። «ኤስ ኤም» ብሎ ከጀመረ ሳክራ ሞኔታ ነው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ እንደማለት። ከሱ ቀጥሎ ከተማው ይመጣል። «ኬ» ኪዚኮስ፣ «ኤን» ኒቆምድያ፣ «ኤች» ሄራክልያ፣ «ቲ ኤስ» ተሰሎንቄ፣ «ኤ ኤን ቲ» አንጾኪያ። በምዕራብ «ኤስ አይ ኤስ» ሲስኪያ ነው፣ የዛሬዋ የክሮኤሽያ ሲሳክ። «ፒ ኤል ጂ» የፈረንሳይ ሊዮን። «ቲ አር» ትሪየር ነው፤ ላንተ ቅርብህ ነው። እዚያ ሙዚየም በ1993 ከመሬት የወጣ ከ2,500 በላይ የሮም የወርቅ ሳንቲም አለ። ነሐስ ብትሰበስብም ሄደህ እየው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። «ሲ ኦ ኤን ኤስ» ካለ ቁስጥንጥንያ ነው። መጨረሻው ላይ «ቲ» ከተጨመረ ግን ብዙ ጊዜ የፈረንሳይዋ አርል ናት፤ በዚያ ዘመን ኮንስታንቲና ተብላ ነበር። የአርልን ሳንቲም ቁስጥንጥንያ ብለው የሚሸጡ ነጋዴዎች ሁሉ አይቻለሁ።

ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ኦክሬ የሚባለውን የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ማኅበር ነፃ ድረ ገጽ ተጠቀም። የምታየውን ፊደል ብቻ ትጽፋለህ፣ የሚመሳሰሉትን ከነፎቶ ይደረድርልሃል።

ዘአክሱም (አዲስ አበባ)

ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር፣ አሁን ግን አላስቻለኝም። እስክንድርያ፣ 350ዎቹ፣ ቆንስታንትዮስ። ይህ ሰው እኮ ለአክሱም ነገሥታት ደብዳቤ የጻፈው ነው!

በ356 ግድም ነው። ደብዳቤው የተላከው ለኢዛናና ለሳይዛና ነው። ጉዳዩ ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ነው። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የላከልን አትናቴዎስ ነበር። ቆንስታንትዮስ ግን ከአርዮስ ወገን ጋር ሆኖ አትናቴዎስን ከመንበሩ አባረረው። በቦታው ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ተተካ፤ ሰማዕቱ ጊዮርጊስ እንዳይመስላችሁ። ንጉሡ በደብዳቤው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በዚህ ጊዮርጊስ ፊት እምነቱ እንዲመረመር ይጠይቃል። ደብዳቤው ለኛ የደረሰው አትናቴዎስ ራሱን ለመከላከል በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ስለገለበጠው ነው። ጊዮርጊስን በ361 የእስክንድርያ ሕዝብ ገደለው። አባ ሰላማን እስከ ዛሬ እንዘክራለን።

ያ ሁሉ ግርግር በነበረበት ከተማ፣ በነዚያው ዓመታት፣ በዚያው ንጉሥ ስም የተመታ ነሐስ ነው የያዝከው። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥ ይሆናል። እኔ ግን ከብዙ ወርቅ አስበልጠዋለሁ።

የሮምን ሳንቲም ስታጠና አክሱምንም ጎን ለጎን አስቀምጥ። ንጉሥ እንዱቢስ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅና በብር አሳተመ። ኢዛና መጀመሪያ ላይ ክብና ጨረቃ ያደርግ ነበር፣ በኋላ በመስቀል ተካው። ንጉሥ መሐድይስ ደግሞ በግዕዝ ፊደል የጻፈበት ነሐስ አለው። የሚለውም «በዝ መስቀል ትመውእ» ነው።

ብርቱካን_ለንደን

ወንድም ዘአክሱም፣ ይህን ስላነሳህ በጣም ደስ ብሎኛል። የመሐድይስ ጽሑፍ በሮም ነሐስ ላይ ወንድም አለው።

በ350 ቆንስታንስ ከተገደለ በኋላ በባልካን የነበረው ጦር ቬትራንዮ የሚባል ሽማግሌ ጄኔራል አነገሠ። የነገሠው ለጥቂት ወራት ነው። ሲስኪያ ላይ ባሳተመው ነሐስ ንጉሡ የክርስቶስ ምልክት ያለበት ሰንደቅ ይዞ ይቆማል፣ የድል መልአክ ከኋላ አክሊል ትደፋለታለች። ዙሪያው ላይ «ሆክ ሲግኖ ቪክቶር ኤሪስ» ይላል፤ በዚህ ምልክት ታሸንፋለህ። ቆስጠንጢኖስ ከጦርነት በፊት በሰማይ አየው የሚባለው ቃል ነው። ቆንስታንትዮስም በዚያው ማተሚያ በስሙ አሳትሞታል። ያው ሐሳብ ከዳኑብ አካባቢ እስከ አክሱም በትናንሽ ነሐሶች ላይ ሄዷል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ በፎቶ ማየት ብቻ ያስደስታል።

ማርታ_ዲሲ

ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ቅዱስ መርቆሬዎስ በጦር ሲወጋው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሳለው ዑልያኖስ የዚህ ዘመን ሰው ነው? ሳንቲም አለው?

ብርቱካን_ለንደን

አለው እህቴ፣ በጣም የሚያምር። የጋሉስ ግማሽ ወንድም ነው። ከ355 እስከ 360 ቄሳር በነበረበት ጊዜ ጢም የለውም፣ ራሱም ባዶ ነው። ብቻውን ሲነግሥ ጢሙን እንደ ፈላስፋ አሳደገ። ትልቁ ነሐሱ በጀርባው ቆሞ የሚያይ በሬ አለው፣ ከበሬው በላይ ሁለት ኮከብ። በ363 ፋርስን ሊወጋ ዘምቶ እዚያው ሞተ። ባለ በሬው ከተራው ነሐስ ይወደዳል፣ ሰው ይፈልገዋል።

የአሽቀሎን_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም። አባቴ ጓሮ ቲማቲም ሊተክል ሲቆፍር ትንሽ አረንጓዴ ሳንቲም አገኘ። የሴት ፊት ነው፣ አንገቷ ላይ ጌጥ አላት። በጀርባው የቆመች ሴት ቅርንጫፍ ወደ ታች ይዛለች። አባቴ በብረት ብሩሽ ሊፈትገው ነበር፤ ይህን ውይይት እያነበብኩ ስለነበር አስቆምኩት። ልንሸጠው እንችላለን?

ጋሽ_መሐለቅ (ሜሪላንድ)

እንኳን አስቆምሽው። ልጄ፣ መሸጥ አትችሉም። በእስራኤል በ1978 የወጣው የቅርስ ሕግ ግልጽ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ነው። ያገኘው ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። አባትሽ ምንም አላጠፉም፣ አትክልት ሲተክሉ ነው ያገኙት። ጥፋት የሚሆነው ደብቆ ማስቀመጥ ነው።

የተገኘበትን ቦታ ፎቶ አንሺ። ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበር አባትሽን ጠይቀሽ ጻፊው። ሳንቲሙን አትጠቡት። በወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ እርጥበት የሚይዝ ላስቲክ ውስጥ አይሁን። ከዚያ ደውሉ።

ብርቱካን_ለንደን

ሕጉን ጋሼ ጨርሰውታል፤ ስለ ሴትዮዋ ልንገርሽ። በዚያ ዘመን ነሐስ ላይ ብዙ የሚታዩት ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ሄሌናና ፋውስታ። የቆስጠንጢኖስ እናትና ሚስት። በ324 ሁለቱም አውጉስታ የሚባለውን የንግሥትነት ማዕረግ አገኙ። ፋውስታ በ326 በባሏ ትእዛዝ ሞተች፣ ስለዚህ ሳንቲሟ የሚታተመው ለአጭር ጊዜ ነው። የፋውስታ ጀርባ ሁለት ሕፃናት የታቀፈች ሴት ነው። ቅርንጫፍ ወደ ታች የያዘችው የሄሌና ናት፤ «ሴኩሪታስ ሬይፑብሊኬ» ይላል፣ የመንግሥት ጸጥታ ማለት ነው። የፊቷ ፀጉር ላይ ጥብጣብ ካለ ጥርጥሩ ያንሳል። ሄሌና ከሞተች በኋላ የልጅ ልጆቿ ሌላ ሳንቲም አሳትመውላታል፣ የሱ ጽሑፍ ግን «ፓክስ ፑብሊካ» ነው።

ማርታ_ዲሲ

ንግሥት እሌኒ! መስቀሉን ያወጣችው! ደመራ በየዓመቱ የምናበራላት ሴት መልኳ እንዲህ በነሐስ ላይ መኖሩን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ዘአክሱም (አዲስ አበባ)

የእህታችን ጥያቄ ትልቁን ነገር አነሳው። ሳላዳላ ልናገር። እኔ ከነጋዴ የሚገዛ ያልጸዳ የሳንቲም ክምር አልወድም። ያ ክምር የሆነ አገር መሬት ውስጥ ነበር። አንድ ሰው በሌሊት በብረት መፈለጊያ ቆፍሮት ሊሆን ይችላል። ከየት እንደወጣ የሚናገር ወረቀት የለም። የአክሱም ሳንቲሞችም እንዲሁ ነው ከአገር የሚወጡት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ጨረታ ላይ ግን ይታያሉ። ወንድሜ የነሐስ_ወዳጅ፣ አንተን መውቀሴ አይደለም። ሻጩን ግን ጠይቀው።

የነሐስ_ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

ጠይቄው ነበር። የድሮ የጀርመን ስብስብ ነው ብሎ ደረሰኝ ጽፎልኛል። የስብስቡን ባለቤት ስም ግን አልጻፈም። ይበቃል?

ጋሽ_መሐለቅ (ሜሪላንድ)

ደረሰኙ ከምንም ይሻላል፣ ግን በቂ አይደለም። ስብስቡ መቼ እንደተሸጠ፣ የት ጨረታ ላይ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ካለ እንዲሰጥህ ጠይቅ። ከሌለው ሌላ ጊዜ ካለው ሰው ግዛ። ዘአክሱም ያለውን እኔ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ለምን እንደሆነም አንድ ምሳሌ አለኝ።

በ2010 በእንግሊዝ፣ ሶመርሴት ውስጥ ፍሮም በተባለች ከተማ አጠገብ አንድ ሰው በብረት መፈለጊያ ትልቅ እንስራ አገኘ። በውስጡ 52,503 የሮም ሳንቲም ነበር፤ አብዛኛው ተራ የ3ኛው ክፍለ ዘመን ነሐስ። ሰውየው እንስራው መሆኑን እንዳወቀ መቆፈሩን አቆመና የአርኪዮሎጂ ሰዎችን ጠራ። እነሱም ሳንቲሙን በየንብርብሩ እየለዩ አወጡት። እንስራው ውስጥ ካሉት ሁሉ በዘመን የመጨረሻዎቹ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብሪታንያን የገዛው የካራውሲዮስ ሳንቲሞች ናቸው። በየጊዜው እየተጠራቀመ የሞላ ቢሆን ከላይ መገኘት ነበረባቸው። ብዙዎቹ የተገኙት ግን ወደ ታች ነው። ስለዚህ እንስራው የሞላው በአንድ ጊዜ ነው ለማለት ቻሉ። በአካፋ ዝቆ በከረጢት ቢወስደው ኖሮ ያው 52,503 ሳንቲም ይኖር ነበር፣ ይህን የሚነግረን ግን የለም።

ብርቱካን_ለንደን

እዚህ አገር ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው የነሐስ ሳንቲሞች 10 ሆነው አንድ ላይ ከተገኙ በ1996ቱ ሕግ መሠረት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ነጠላ ሳንቲም ግዴታ የለውም፣ ግን ሰው በፈቃዱ የሚያስመዘግብበት አሠራር አለ። የተመዘገበ ሳንቲም ስገዛ ልቤ ያርፋል፤ ከየትኛው እርሻ እንደወጣ ሁሉ ማየት እችላለሁ። አሥር ያልታወቁ ከምገዛ አንድ የተመዘገበ እመርጣለሁ።

የነሐስ_ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

ገባኝ፤ ለሻጩ ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ። ጋሼ፣ ስለ ማጽዳት እመለስበታለሁ ብለው ነበር። የስሙ መጨረሻ ላይ ያለው አፈር እንዴት ይነሳ?

ጋሽ_መሐለቅ (ሜሪላንድ)

መጀመሪያ የሚነሳ መሆኑን እርግጠኛ ሁን። ስሙ ከታወቀ አፈሩ ቢቀርስ ምን ይጎዳል? ብዙ ጥሩ ሳንቲም የተበላሸው ከበቂ በላይ በማጽዳት ነው።

ማጽዳት ከፈለግህ የቧንቧ ውሃ አትጠቀም፣ ክሎሪን አለው። ዲስቲልድ ውሃ ግዛ፣ አገር ቤት የባትሪ ውሃ የሚባለው ነው። ሳንቲሙን ብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፈህ ውሃውን በየጥቂት ቀኑ ለውጥ። አፈሩ ሲለሰልስ በስቴኪኒ ጫፍ፣ በአጉሊ መነጽር እያየህ፣ ከፊደሉ ጎን ጀምረህ ቀስ ብለህ ንካው። ስቴኪኒው እንጨት ስለሆነ ከነሐሱ በፊት እሱ ይሰበራል፣ ጥቅሙም ይኸው ነው። መርፌና የሽቦ ብሩሽ አያስፈልግም። የወይራ ዘይት ውስጥ ወራት የሚያቆዩ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ዘይቱም ትንሽ አሲድ አለው፣ መልኩንም ያጠቁረዋል። አፈሩ እምቢ ካለ ተወው፣ እንደገና ዘፍዝፈው።

ከሁሉ በላይ የምፈራልህ የነሐስ በሽታ የሚባለውን ነው። ጤነኛ ሽፋን ጠንካራና ለስላሳ ነው። በሽታው ግን ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይወጣል፤ በስቴኪኒ ስትነካው ይረግፋል። ከመሬት የገባው ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ነሐሱን ከውስጥ የሚበላበት ነው። ካየህ ያን ሳንቲም ለብቻው አድርገው። ዱቄቱን አንሳ፣ በሶዲየም ሴስኪካርቦኔት ውሃ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን እየለወጥህ ብዙ ሳምንት አቆየው። ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ አጥበህ አድርቀው። ደርቋል ብለህ አትተማመን፣ በደንብ ይድረቅ። ሲያበቃ ስስ ሰም ቀባው። ማስቀመጫው ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምናገኛትን የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምርበት፤ እርጥበቱን እሷ ትጠጣልሃለች። ፒቪሲ ከሆነ ለስላሳ ፕላስቲክም አርቀው። እሱም ጊዜ ጠብቆ ነሐሱን ያበላሻል።

ማርታ_ዲሲ

እኔም ልጀምር አማረኝ። የእሌኒን ብፈልግ አስመስሎ የተሠራ እንዳይሸጡልኝ በምን እለያለሁ?

ብርቱካን_ለንደን

የርካሾቹ አስመሳይ ብዙ አይደለም፣ አያዋጣቸውም። የሚያስመስሉት ውድ የሆኑትን ነው፤ በተለይ ሴስተርስዮ የሚባሉትን የ1ኛና የ2ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ ሳንቲሞች። እውነተኛው የተመታው በመዶሻ ነው፤ ስለዚህ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፣ ጠርዙም አንዳንዴ ይሰነጠቃል። በቅርጽ ማፍሰሻ የተሠራው ፊደሉ ይልማል፣ ላዩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ አረፋዎች ይኖሩታል፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ መስመር ይታያል። ሁለት ሳንቲም አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ካላቸው አትግዢ። አንዳንዱ አሸዋ በማጣበቂያ ለጥፎ «የበረሃ ሽፋን» ይላል፤ ያንን በጥፍርሽ ነካ አድርጊው።

የአሽቀሎን_ልጅ

ደውለን ነበር። ዛሬ አንዲት ሴት መጥታ ቦታውን መዘገበች፣ አባቴን አመሰገነችው። ሳንቲሙን በፖስታው ይዛ ሄደች። ሄሌና መሆኗንም አረጋግጣልናለች። አባቴ አሁን ልጆቹን ሁሉ እየጠራ ስለ ቅርንጫፏ ያስረዳል። አመሰግናለሁ።

የነሐስ_ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

የአባትሽ ደስታ ለኛም ደረሰን! እኔም መለያውን ጽፌ ጨረስኩ፤ ዳግማዊ ቆንስታንትዮስ፣ እስክንድርያ፣ ሦስተኛ ክፍል፣ የሚወድቅ ፈረሰኛ፣ 18 ሚሊ ሜትር፣ 2.4 ግራም፣ ፍራንክፈርት የተገዛ። ሻጩም መልሷል፤ የድሮ የጨረታ ወረቀት ፈልጎ እልካለሁ ብሏል። የቀረ ነገር አለ?

ጋሽ_መሐለቅ (ሜሪላንድ)

አንድ ቀርቷል። ሳንቲሙን ፊቱን ቀጥ አድርገህ ከላይና ከታች በሁለት ጣት ያዘው፣ ከዚያ ወደ ጎን አዙረው። ጀርባው ቀጥ ብሎ ከቆመ 12 ሰዓት ብለህ ጻፍ። ተዘቅዝቆ ከመጣ 6 ሰዓት። በመካከል ከሆነም እንደ ሰዓት ቆጣሪ ጠቁመህ ጻፈው። የጨረታው ወረቀት ሲመጣ ከመለያው ጋር አብረህ አስቀምጠው። የቀሩትንም ሳንቲሞች ከጎን መብራት አንሳና ለየብቻ ውይይት ክፈትላቸው፤ ነጋዴው የጻፈልህን ስም ራሳችን እንፈትሸዋለን።